ካራን፦ በምዕራብ አየርላንድ ያለች የድንጋይ አጥቢያ፣ መሬቷና ታሪኳ

የጎልዌይ ነዋሪ

ሰላም ወገኖች።

የአየርላንድ ገጠር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን አረንጓዴ መስክ፣ ዝናብና በግ ነው። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ግራጫ ስለሆነው አየርላንድ ነው። ክሌር በሚባለው አውራጃ ሰሜናዊ ክፍል፣ ወደ አትላንቲክ ጠረፍ፣ በረን የሚባል የድንጋይ አምባ አለ። እዚያ ላይ ካራን የምትባል የገጠር አጥቢያ ትገኛለች። መንደሯ ትንሽ ናት። ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤት፣ ተራርቀው የቆሙ ቤቶች፣ በቃ። ዙሪያዋን ዓይን እስከሚደርስበት የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ ነው።

ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ክረምት ስል የአውሮፓን የብርድ ወቅት፣ በጋ ስል የሙቀቱን ነው፤ እንዳያደናግራችሁ።

ስለዚህ ምድር ሁሉም ሰው የሚደግመው አንድ አባባል አለ። በ1651 ኤድመንድ ላድሎ የሚባል፣ የእንግሊዙ መሪ የክሮምዌል ጦር አዛዥ ወታደሮቹን ይዞ በዚህ አለፈ። ሰው ለማስጠም የሚበቃ ውሃ፣ ለመስቀል የሚበቃ ዛፍ፣ ለመቅበር የሚበቃ አፈር የሌለበት አገር ነው ብሎ ጻፈ። አስጎብኚው ይጠቅሰዋል፣ የጉዞ መጽሔቱም ይጠቅሰዋል። ላድሎ ግን እዚያ ላይ አላቆመም። ቀጥሎ ከብቶቻቸው በጣም የሰቡ መሆናቸውን ጽፏል። በድንጋዩ መሃል በየቁራጩ አፈር ላይ የሚበቅለው ሣር ጣፋጭና ገንቢ ነው ብሏል። ይህን ሁለተኛውን ግማሽ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

የካራን ታሪክ ያለው ደግሞ እዚያ ግማሽ ውስጥ ነው። ይህ ባዶ ምድር አይደለም። ወደ 6 ሺህ ዓመት ሰውና ከብት የኖሩበት ነው። ዛሬ የምናየውን መልክ የሰጡትም እነሱ ናቸው። ይህን በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም እዚህ ጎልዌይ ያሉ ወገኖቻችን እንኳ በመኪና አልፈውበት «ምንም የለም» ብለው ይመለሳሉ።

መጀመሪያ መሬቱ። ድንጋዩ የተፈጠረው ከ330 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያኔ ይህ የምድር ክፍል ከምድር ወገብ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር ሸፍኖት ነበር። ዛሬም ስትራመዱበት የኮራል ቅሪት ከእግራችሁ ሥር ይታያል። ኋላ የበረዶ ዘመን መጣ። የበረዶ ግግሩ ላዩን ፍቆ አለፈ። ከጎልዌይ በኩል ገፍቶ ያመጣቸውን የግራናይት ቋጥኞች እዚሁ ጥሎ ቀለጠ። ዝናብ ደግሞ የኖራ ድንጋይን እያሟሟ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ንጣፉ በረጃጅም ስንጥቆች የተከፋፈለ ነው። አንዳንዱ ስንጥቅ የሰው ቁመት ያህል ይወርዳል።

ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። በመላው በረን ላይ ከምድር በላይ ፈሶ ባሕር የሚደርሰው ካሐር የሚባለው ወንዝ ብቻ ነው። የቀረው ውሃ በስንጥቁ ይገባና በዋሻ ውስጥ ይሄዳል። ከካራን መንደር በታች አንድ ሰፊ ጎድጓዳ ሜዳ አለ። ሲደርቅ ከብት ይግጥበታል። ብዙ ሲዘንብ ውሃው ከመሬት ውስጥ ወደ ላይ ይወጣና ሜዳው ሐይቅ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ በገባበት ቀዳዳ ተመልሶ ይሰርጋል። ተርሎክ ይሉታል። የካራኑ በአየርላንድ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ የማውቀውን እመልሳለሁ። እዚያ አካባቢ የኖረ ካለ ደግሞ ይጨምርበት።

የሚኒሶታዋ

በጣም ደስ የሚል ጽሑፍ ነው ወንድሜ። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ አጥቢያ ስትል የቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ እንደ ቀበሌ ያለ የመንግሥት ክልል? ሁለተኛ፣ በዚያ ሁሉ ድንጋይ ላይ ከብት ምን በልቶ ነው የሚሰባው?

ካርታ ወዳድ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ፤ የሥራዬ ነገር ስለሆነ።

አየርላንድ ውስጥ ሁለት ዓይነት አጥቢያ አለ። አንዱ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ነው፤ ካህኑ የሚያገለግልበት፣ ምእመኑ የሚሰበሰብበት። ሌላው መንግሥት ለመሬት ግብርና ለቆጠራ ሲጠቀምበት የኖረ አሮጌ አጥቢያ ነው። ወሰናቸው ብዙ ጊዜ አይገጥምም። ካራን በአሮጌው አከፋፈል የበረን ወረዳ አንዷ አጥቢያ ናት። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ግን፣ ምንም እንኳ ያለችው ክሌር ውስጥ ቢሆን፣ የጎልዌይ ሀገረ ስብከት ነች።

ከአጥቢያ በታች ደግሞ ከሁሉ ትንሹ የመሬት ክፍል አለ፤ ታውንላንድ ይባላል። በደሴቲቱ ላይ ከ60 ሺህ በላይ ታውንላንዶች አሉ። እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ስሞቹ አብዛኞቹ ከአይሪሽ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ስለ ኮረብታ፣ ስለ ምሽግ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ይናገራሉ። በ1839 የካርታ መሥሪያ ቤቱ ሊቃውንት፣ ጆን ኦዶኖቫንና የክሌር ተወላጁ ዩጂን ኦከሪ፣ አውራጃውን ዞረው ስሞቹን ከነዋሪው አፍ ሰብስበው በደብዳቤ ጻፉ። ስድስት ዓመት ቆይቶ ታላቁ የድንች ረሃብ መጣ። እነዚያ ደብዳቤዎች ባይጻፉ ኖሮ ብዙ ስም ከተናጋሪዎቹ ጋር ይቀበር ነበር። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይነካል።

የጎልዌይ ነዋሪ

አመሰግናለሁ ካርታ ወዳድ። እኔ ከዚህ በላይ አላብራራውም ነበር።

እህቴ የሚኒሶታዋ፣ ሁለተኛው ጥያቄሽ የነገሩ እምብርት ነው። በብዙ የአውሮፓ ተራራማ አገር ከብት በበጋ ወደ ላይ ይወጣል፣ በክረምት ወደ ቆላ ይወርዳል። በረን ላይ ግን ተቃራኒው ነው። ከብቶቹ በጥቅምት መጨረሻ አካባቢ፣ ብርዱ ሲጀምር፣ ወደ ድንጋዩ አምባ ይወጣሉ። እዚያው ከርመው በሚያዝያ ገደማ ይወርዳሉ።

ምክንያቱ ድንጋዩ ራሱ ነው። የኖራ ድንጋይ በበጋ የጠጣውን ሙቀት ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ውሃ አይቋጥርም፣ ስለዚህ ከብቱ ጭቃ ውስጥ አይቆምም። ከአትላንቲክ የሚመጣው አየር ለስላሳ ስለሆነ በረዶ ብዙ አይቆይም። በየስንጥቁና በየአፈሩ ቁራጭ በጋውን ሙሉ ሳይነካ ያደገው ሣር ይጠብቃቸዋል። ካልሲየም ደግሞ ሞልቶታል፤ ለአጥንት ይጠቅማል። ላሞቹ እርጉዝ ሆነው ወጥተው በጥሩ ሁኔታ ይመለሳሉ።

ከዚያ የሚሆነውን ስሙልኝ። ከብቱ ክረምቱን የበሰለውን ሣር ግጦ ይጨርሰዋል። በግንቦት፣ መሬቱ ገላጣ ሆኖ ሳለ፣ አበባው ይፈነዳል። ደማቅ ሰማያዊ የሆነው የጸደይ ጄንሺያን ከፍተኛ የአልፕስ ተራሮች ላይ የሚታወቅ አበባ ነው። እዚህ ግን ከሜዲትራኒያን ኦርኪድ አጠገብ በቅሎ ታገኙታላችሁ። በረን የአየርላንድን መሬት 1 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ከአገሪቱ አገር በቀል ዕፅዋት ግን ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት እዚያ ይገኛሉ። ከብቱ ባይኖር ሣሩና ቁጥቋጦው አንቆ ይገድላቸው ነበር።

የአፈር ባለሙያ

ጽሑፉ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን መሸፈን የለበትም። ይህ ምድር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሐይቅና ከረግረግ የተወሰደው የአበባ ብናኝ ጥናት በረን ላይ ጥድና ሄዝል የሚባል ቁጥቋጦ የበዛበት ጫካ እንደነበረ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ ገበሬዎች መነጠሩት። በነሐስ ዘመን ምንጣሮው ባሰ። አፈሩ በዝናብ ታጥቦ በስንጥቁ ገባ። አፈር ከኖራ ድንጋይ ላይ አንዴ ከወረደ ተመልሶ አይመጣም። በሥራዬ ብዙ የተጎዳ መሬት አይቻለሁ፤ ይህ የሰው ልጅ ያደረሰው ጉዳት ነው። ውበቱ ይህን ሊያስረሳን አይገባም።

የጎልዌይ ነዋሪ

ትክክል ነህ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በአሮጌ ግንቦችና መቃብሮች ሥር የተገኘው አፈር ዛሬ ካለው የበለጠ ጥልቅ ነው። ጫካውም ነበር፣ ጉዳቱም ደርሷል።

እኔ የምለው ግን ታሪኩ ጉዳቱ ላይ አያበቃም ነው። አፈሩ ከሄደ በኋላ ሰዎቹ አልሄዱም። የቀረውን መሬት ጠባይ አጥንተው አብረውት መኖርን ቻሉበት። በየትኛው ወር ከብት እንደሚወጣ፣ ምንጩ የት እንዳለ፣ የትኛው ሸለቆ ከነፋስ እንደሚከልል፣ ስንት ከብት እንደሚበቃ። ይህ እውቀት ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። ስለ ጉዳቱ ስናወራ ስለዚህም እናውራ።

ማስረጃም አለ። ከካራን ብዙ ሳይርቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ካሐርኮመን የሚባል ባለ ሦስት ዙር የድንጋይ ምሽግ አለ። በ9ኛው መቶ ዘመን ሰው ይኖርበት ነበር። በ1934 የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቆፈረው። የወጣው የእንስሳት አጥንት እጅግ ብዙ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የከብት ነው። ላድሎ የሰቡ ከብቶች ከማየቱ ከ700 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው።

የአፈር ባለሙያ

በዚህ እስማማለሁ። ግን «ከመሬቱ ጋር ተስማምተው ኖሩ» የሚለውን በጥንቃቄ ነው የምቀበለው። አማራጭ ያጣ ሰውም ይስማማል።

የድሮ አስተማሪ

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፤ እየተማርኩ ነው። እኔ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ አየርላንድን የማውቃት በድንች ረሃቡና ከእንግሊዝ ጋር ባላት ጠብ ብቻ ነው። እዚያ የጥንት መቃብር እንዳለ ተነስቷል። ምን ተገኘበት? ቅዱሳንስ? አየርላንድ የመነኮሳት አገር እንደነበረች ሰምቻለሁ፤ በዚህች አጥቢያ ውስጥ ምን ቀርቷል?

የጎልዌይ ነዋሪ

ጋሼ፣ እንኳን ደህና መጡ። በመቃብሩ ልጀምር።

ፑልናብሮን ይባላል። ከካራን በስተምዕራብ፣ ገላጣ ድንጋይ ላይ ለብቻው የቆመ ነው። ቀጥ ያሉ ትልልቅ ጠፍጣፋ ድንጋዮች ሌላ ግዙፍ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክመዋል። በ1980ዎቹ ከቋሚዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ስለተገኘ መጠገን ነበረበት። በዚያ አጋጣሚ አን ሊንች የተባሉት አርኪዮሎጂስት ቆፈሩት። ከ30 በላይ ሰዎች ቅሪት ወጣ፤ ወንድ፣ ሴት፣ ሕፃናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3800 እስከ 3200 ባለው ጊዜ ውስጥ የተቀበሩ ናቸው።

አጥንቶቹ ብዙ ተናግረዋል። አብዛኞቹ አዋቂዎች የሞቱት 30 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። መገጣጠሚያቸው በከባድ ሥራ የተጎዳ ነበር። የአንዱ ሰው ዳሌ አጥንት ውስጥ የድንጋይ ጦር ጫፍ ተሰክቶ ተገኝቷል። ባሕሩ ቅርብ ሆኖ ሳለ ከባሕር የሚገኝ ምግብ ብዙም አይበሉም ነበር። ገበሬዎች ነበሩ።

ከሁሉ በላይ እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። በ2020 የትሪኒቲ ኮሌጅ ደብሊን ተመራማሪዎች ከዚያ መቃብር የወጣን የሕፃን አጥንት ዘረመል አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ የሆነው ወንድ ልጅ ነበር። ዳውን ሲንድረም ነበረበት። እስካሁን ከታወቁት ሁሉ የጥንቱ ነው። የእናት ጡት እየጠባ እንደነበረ የአጥንቱ ኬሚስትሪ አሳይቷል። ከሌሎቹ ጋር፣ ለጥቂቶች ብቻ በሚሆነው በዚያ ትልቅ መቃብር ውስጥ ተቀበረ። ስለ እነዚያ ሰዎች እምነት ወይም ቋንቋ የምናውቀው ነገር የለም። ያን ልጅ ግን አጥብተውታል፣ በክብርም ቀብረውታል።

የሚኒሶታዋ

ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። የእህቴ ልጅ ዳውን ሲንድረም አለበት። ለእሷ እልክላታለሁ።

የክሌር ነርስ

ሰላም። እኔ ክሌር ውስጥ፣ ኤኒስ ከተማ ነው የምኖረው። አረጋውያንን ነው የምንከባከበው። ጋሼ ስለ ቅዱሳን ስለጠየቁ ይህን እኔ ልመልስ። የበረን ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ሳይሰለቹ ነው የሚናገሩት።

ካራን ተራራ የሚባል አለ። በገደሉ ሥር፣ በሄዝል ቁጥቋጦ መሃል፣ ትንሽ ዋሻ፣ የፈረሰች ጸሎት ቤትና ጠበል አሉ። ቅዱስ ኮልማን የሚባል መነኩሴ በ7ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ በብሕትውና የኖረበት ቦታ ነው ይላሉ። ሰባት ዓመት ከአንድ አገልጋዩ ጋር ኖረ። ዶሮ ለጸሎት ይቀሰቅሰው ነበር። አይጥ እንቅልፍ እንዳይወስደው ትነካካው ነበር። ዝንብ ደግሞ መጽሐፉን ሲያነብ ቀና ካለ ያቆመበት መስመር ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር ይባላል።

አንድ ፋሲካ፣ ጾሙ ሲፈታ፣ አገልጋዩ የሚበላ ነገር ባለመኖሩ አዘነ። በዚያ ሰዓት ንጉሥ ጉዌር ባሕሩ ዳር ኪንቫራ ላይ ግብር ሊያበላ ተቀምጦ ነበር። ማዕዱ ከነሳህኑ ከፊቱ ተነስቶ በአየር ሄደ። ንጉሡና ፈረሰኞቹ ሳህኖቹን ተከትለው ዋሻው ድረስ ጋለቡ። ማዕዱ መነኩሴው ፊት ተቀምጦ አገኙት። የፈረሶቹ ኮቴ ድንጋዩ ላይ ታትሞ ቀረ ይባላል፤ መንገዱም እስከ ዛሬ የሳህኖች መንገድ ነው የሚባለው። አገልጋዩ ከዚያ ሁሉ ጾም በኋላ ከልክ በላይ በልቶ ሞተ፤ መቃብሩን እዚያው አጠገብ ያሳያሉ። ንጉሡ ለኮልማን መሬት ሰጠው፤ ኪልማክዱዋ የሚባለውን ገዳም መሠረተ። እዚያ ያለው ክብ ማማ ከአየርላንድ ማማዎች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ 34 ሜትር ገደማ። ዘመም ብሎ ነው የቆመው።

እኔ በዐቢይ ጾም ወቅት ነው የሄድኩት። ጠበሉ ጋ ብዙ ቆየሁ። ሰው የለም፤ ወፍና የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ።

ካራን ውስጥ ሌላም አለ፣ ቴምፕል ክሮናን ይባላል። ትንሽ የፈረሰች ቤተ ክርስቲያን ናት። ከውጭ ግድግዳዋ ላይ የሰው ፊት የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። አጠገቧ እንደ ድንኳን ጣሪያ የተጋጠሙ የቅዱሳን መቃብሮች አሉ። የቅዱሱ ጠበልም ቅርብ ነው።

የድሮ አስተማሪ

ተባረኪ ልጄ። እንዲህ ያለ ገድል ከሩቅ አገር ሲመጣ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል። ረሃቡን እዚያ እንዴት ያስታውሱታል?

ካርታ ወዳድ

ጋሼ፣ ቁጥሩን ልስጥዎት። በ1841 የክሌር ሕዝብ ከ286 ሺህ በላይ ነበር። በ1851 ወደ 212 ሺህ ወረደ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከአራት ሰው አንዱ ጠፋ ማለት ነው። ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ተሰደደ። ድንች ነበር የድሃው ቀለብ። በሽታው በ1845 ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት አዝመራው ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደመ። መንግሥት የተራበውን ሰው በክፍያ ድንጋይ እያስፈለጠ መንገድ አሠራ። ክፍያው ለቀለብ አይበቃም ነበር። በ1847 ሥራው ቆሞ በሾርባ ማደያ ተተካ።

ከዚያ በኋላ ማን የትኛውን መሬት እንደያዘ ማየት የሚፈልግ ሰው ግሪፊዝ ቫሉዌሽን የሚባለውን የመሬት ግምት መዝገብ ይመልከት። የክሌሩ በ1855 ታትሟል። የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ደግሞ በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። በታውንላንዱ ስም ገብታችሁ የእያንዳንዱን ቤት ሰው ስም፣ ዕድሜ፣ አይሪሽ መናገር አለመናገሩን ታያላችሁ። አያቶቹ አይሪሽ ይናገራሉ፣ ልጆቹ እንግሊዝኛ ብቻ። የአንድ ቋንቋ መጥፋት በአንድ ገጽ ላይ ይታያል።

የክሌር ነርስ

አረጋውያኑ ስለ ረሃቡ ብዙ አያወሩም። አንዳንዶቹ ግን ከኢትዮጵያ መሆኔን ሲያውቁ የ1984ን የእኛን ረሃብ ያነሳሉ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየትምህርት ቤቱ ገንዘብ ሲዋጣ ያስታውሳሉ። «የእኛም አያቶች ተርበው ነበር» ይላሉ። እጄን ይይዙኛል። ለዚህ አገር ያለኝ ፍቅር ብዙው ከዚያ የመጣ ነው።

ኳስ አፍቃሪ

ከረሃቡ ጋር የሚያያዝ አንድ ሰው አልተነሳም። ማይክል ኩሳክ ካራን ውስጥ ነው የተወለደው፤ በ1847፣ ረሃቡ በከፋበት ዓመት። አይሪሽ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነበር። አስተማሪ ሆነ። ደብሊን ሄዶ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። በዚያን ጊዜ ስፖርት በእንግሊዝ ሕግ የሚመራ፣ ለደህና ቤተሰብ ልጆች የተያዘ ነገር ነበር። የገበሬው ልጅና የቀን ሠራተኛው አይገቡበትም። ሀርሊንግ የሚባለው ጥንታዊ ጨዋታ ደግሞ ከረሃቡ በኋላ በብዙ ቦታ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ የእኛን የገና ጨዋታ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ በትርና ትንሽ ኳስ ነው፣ ግን ኳሱ በአየር ላይ ነው የሚበረው።

ኩሳክ ከጥቂት ሰዎች ጋር ተርልስ በምትባል ከተማ በአንድ ሆቴል ተሰበሰበና ኅዳር 1 ቀን 1884 የጌሊክ (የአየርላንድ ባህላዊ) አትሌቲክስ ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ኩሳክ ራሱ ቁጡ ሰው ነበር፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጸሐፊነቱ ተነሳ። በ1906 ሞተ። ዛሬ ከ82 ሺህ በላይ ሰው በሚይዘው ክሮክ ፓርክ ስታዲየም አንዱ የተመልካች ክፍል በስሙ ይጠራል። የተወለደበት ቤት ካራን ውስጥ ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል።

ከርዕሱ ጋር የሚገጥመው ደግሞ ይኸው። የማኅበሩ ክለቦች የተዋቀሩት በአጥቢያ ነው። ሰው ለተወለደበት አጥቢያ ነው የሚጫወተው። ደሞዝ የለም። ቅዳሴ የማይሄደው ወጣት እንኳ የአጥቢያውን ማልያ ይለብሳል። በ2024 ክሌር ኮርክን በተጨማሪ ሰዓት አሸንፋ የአየርላንድ የሀርሊንግ ዋንጫን ስትወስድ እዚያ የነበረ ሰው አጥቢያ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል።

የሚኒሶታዋ

ይህ ሁሉ እያለ ለምን ትልቅ የቱሪስት ማዕከል አይሠሩበትም? ወጣቱ ሥራ ያገኝ ነበር።

የክሌር ነርስ

እህቴ፣ ሞክረው ነበር። ሰዎቹንም ለሁለት ከፍሏል።

በ1991 መንግሥት ሙላሞር በሚባለው ተራራ ሥር ትልቅ የጎብኚዎች ማዕከል ልሠራ ነው አለ። ተራራው የተጠቀለለ ምንጣፍ የመሰለ የድንጋይ ንብርብር ነው፤ ከበረን ሁሉ ውብ ቦታ። አንዳንዱ ሰው ደስ አለው፤ ሥራ ይመጣል፣ ልጆቻችን አይሰደዱም አለ። ሌላው ደግሞ የፍሳሹ ነገር፣ የአውቶቡሱ ብዛት፣ የውሃው መበከል አሳሰበው። በስንጥቅ ድንጋይ ላይ የፈሰሰ ቆሻሻ ወዲያው ከመሬት በታች ያለውን ውሃ ያገኘዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1993 የመንግሥቱ መሥሪያ ቤት ያለ ግንባታ ፈቃድ የመሥራት ሥልጣን የለውም ተባለ። ሥራው ቆመ። የተጀመረውም ኋላ ፈርሶ ቦታው ወደ ነበረበት ተመለሰ። ክርክሩ ግን አሥር ዓመት ፈጅቷል። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድሱ ጎረቤቶች ሳይነጋገሩ የኖሩበት ጊዜ ነበር ይላሉ። ማዕከሉን የፈለጉትንም አልፈርድባቸውም። ልጁ ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ ያየ አባት ነው የጠየቀው።

የአፈር ባለሙያ

ታዲያ አሁን ገበሬው በምን ይኖራል? ከብት ወደ ድንጋይ አምባ መንዳት ብዙ ልፋት ነው። በጎተራ ውስጥ መኖ መስጠት ይቀለዋል።

የጎልዌይ ነዋሪ

ይህ ነው ዋናው ችግር። ብዙዎቹ ገበሬዎች ሌላ ሥራም አላቸው፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ከብቱ ከአምባው ሲቀር ሄዝሉ ይገባል። መጀመሪያ በየስንጥቁ፣ ከዚያ ሜዳውን ሁሉ። አሮጌው ግንብ፣ መንገዱ፣ አበባው ሁሉ ሥሩ ይቀበራል። አንዳንድ ሰው ተፈጥሮን መጠበቅ ማለት ከብትን ማስወጣት ይመስለዋል። በረን ላይ እንዲያ ቢደረግ የሚጠፋው ራሱ ሊጠበቅ የተፈለገው ነገር ነው።

ከ2005 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በረንላይፍ የሚባል ፕሮጀክት ገበሬውንና ተመራማሪውን አንድ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ የመጣው አሠራር ቀላል ነው። ሜዳው በየዓመቱ ይታያል፣ ከ10 ነጥብ ይሰጠዋል። ሣሩ በልክ ከተጋጠ፣ ቁጥቋጦው ካልዋጠው፣ ምንጩ ካልተበከለ ነጥቡ ይወጣል። ነጥቡ ሲወጣ ክፍያውም ይጨምራል። እንዴት አድርጎ ያን ነጥብ እንደሚያመጣ ማንም አያዝዘውም፤ ገበሬው ራሱ ያውቃል። ኋላ ላይ ከ300 በላይ ገበሬዎች ገብተውበታል። ሌሎች አገሮችም ሊማሩበት መጥተዋል።

አንተ አማራጭ ያጣ ሰውም ይስማማል ብለህ ነበር። ይህ አሠራር ለገበሬው አማራጭ ሰጥቶታል። ብዙዎቹ ከብት መንዳቱን መርጠዋል።

የአፈር ባለሙያ

በውጤት የሚከፈል ክፍያ ጥሩ ሐሳብ ነው። ትእዛዝ ከቢሮ ሲመጣ መሬት ሲበላሽ ብዙ አይቻለሁ። ነጥብ መስጫውን ፈልጌ አነበዋለሁ።

የሚኒሶታዋ

በሚቀጥለው ዓመት አየርላንድ መምጣቴ አይቀርም። መቼ ልምጣ? ምን ላድርግ?

የክሌር ነርስ

አበባውን ከፈለግሽ በግንቦት ነይ። ከብቱ ሲወጣ ማየት ከፈለግሽ በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜና እሁድ፤ ከ2012 ጀምሮ በዓል ሆኗል፤ ሕዝቡ ከብቶቹን ተከትሎ እስከ አምባው ድረስ ይወጣል፣ ሕፃናትም ጭምር። ተርሎኩን ሐይቅ ሆኖ ለማየት ደግሞ ክረምት ይሻላል።

መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትራክተር ከመጣ ዳር ይዘሽ አሳልፊው። ከፍተሽ የገባሽበትን በር መልሰሽ ዝጊ፤ ያለበለዚያ የአንድ ሰው ከብት ይጠፋል። ውሻ ይዘሽ ወደ ግጦሽ አትግቢ። ፑልናብሮን አካባቢ ደግሞ ጎብኚዎች ድንጋይ እየፈነቀሉ ትንንሽ ካብ ይሠራሉ፤ ከሥሩ ያለው ዕፅዋትና ነፍሳት ይጎዳል፣ የጥንቱ ቦታም ይበላሻል። አንድም ድንጋይ አታንሺ። ጥሩ ጫማ አድርጊ፤ ድንጋዩ ሲረጥብ በጣም ያንሸራትታል። ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እረፍት ከሆንኩ ወደ ቅዱስ ኮልማን ጠበል እኔ እወስድሻለሁ። መንገዱ ምልክት ስለሌለው ብቻሽን ላታገኚው ትችያለሽ።